ፎልደሩ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም፦ በክላውድ ስለሚመሳሰሉ ፎልደሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በሰሜን ሸዋ ባሉ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ሱቆች አንድ ፎልደር በሁለት ወይም በሦስት ኮምፒውተር ላይ በጋራ ሲሠራበት የሚነሡ ናቸው። ክላውድ ማለት በኢንተርኔት የሚደረስበት የፋይል ማስቀመጫ ነው፤ ሲንክ ወይም መመሳሰል የምንለውም በእሱ በኩል አንዱ ፎልደር በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግን ነው። መልሶቹ ጉግል ድራይቭን፣ ዋንድራይቭንና ድሮፕቦክስን ይመለከታሉ። የተጻፉትም በዊንዶውስ ኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ነው።

ደብረ ብርሃን ያስቀመጥኩት ፋይል መሐል ሜዳ ባለው ኮምፒውተር ላይ አይታይም። ከየት ልጀምር?

ከብሮውዘር ይጀምሩ። ፋይሉ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ ከላኪው ኮምፒውተር ወደ ክላውዱ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ተቀባዩ ይወርዳል። የተቋረጠው አንድም ሲወጣ ነው፣ አንድም ሲወርድ ነው። ይህን ሳይለዩ ሁለቱንም ኮምፒውተር መነካካት አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

ክሮምን ወይም ሌላ ብሮውዘር ይክፈቱና በዚያው አካውንት የክላውዱ ድረ ገጽ ላይ ይግቡ። ፋይሉ እዚያ ካለና የተሻሻለበት ሰዓትም ትክክል ከሆነ፣ የደብረ ብርሃኑ ኮምፒውተር የበኩሉን ጨርሷል፤ የሚፈተሸው የመሐል ሜዳው ነው። ፋይሉ ከሌለ፣ ወይም ያለው የትናንቱ ከሆነ፣ መሐል ሜዳ ያለውን ሰው ማስቸገር አያስፈልግም። ያልወጣ ፋይል ሊወርድለት አይችልም።

ቀጥሎ ችግሩ ባለበት ኮምፒውተር ከታች በስተቀኝ፣ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የፕሮግራሙን ምልክት ይፈልጉ። ካልታየ ወደ ላይ የምታመለክተውን ትንሽ ቀስት ይጫኑ፤ ከውስጧ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። እዚያም ከሌለ ፕሮግራሙ ጭራሽ አልተነሣም ማለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ ፕሮግራሙ ግን ዊንዶውስ ሲከፈት አብሮ እንዲነሣ ካልተደረገ እንደተኛ ይቀራል። ከስታርት ሜኑ ስሙን ፈልገው ያስነሡት፣ በሴቲንግሱ ውስጥም ከዊንዶውስ ጋር እንዲነሣ ምልክት ያድርጉበት።

ምልክቱ ካለ ይጫኑትና የሚለውን ያንብቡ። «ፖዝድ» ካለ አንድ ሰው አቁሞታል ወይም ራሱ ቆሟል፤ «ሪዙም» የሚለውን ይጫኑ። «ሳይን ኢን» ካለ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ይግቡ። ቀይ ምልክት ካለ የትኛው ፋይል እንዳስቸገረ በስም ይነግርዎታል። አብዛኛው ሰው ይህን መልእክት ሳያነብ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርጋል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

ሁለቱም ኮምፒውተሮች «ጨርሻለሁ» ይላሉ፤ ግን የሚያሳዩት የተለያየ ነው። እንዴት ይሆናል?

ሦስት ምክንያቶች ደጋግመው ይገጥማሉ።

የመጀመሪያው የተለያየ አካውንት ነው። አንዱ ኮምፒውተር በቢሮው ኢሜይል፣ ሌላው በጸሐፊዋ የግል ኢሜይል ተከፍቶ ይገኛል። ሁለቱም በየራሳቸው ክላውድ በትክክል እየሠሩ ስለሆነ ስሕተት አይሉም። በሁለቱም ላይ የፕሮግራሙን ምልክት ተጭነው ሙሉውን የኢሜይል አድራሻ ፊደል በፊደል ያወዳድሩ።

ሁለተኛው፣ ፋይሉ የተቀመጠው ከሚመሳሰለው ፎልደር ውጭ ነው። ዴስክቶፕ ላይ «ሪፖርት» የሚባል ፎልደር አለ፤ ዋንድራይቭ ውስጥም «ሪፖርት» የሚባል አለ። ወርድ ላይ ሴቭ ሲያደርጉ ወደ የትኛው እንደሄደ ለማወቅ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሎኬሽን» የሚለውን ያንብቡ። መንገዱ ላይ የክላውዱ ስም፣ ለጉግል ደግሞ «ማይ ድራይቭ» የሚለው፣ ከሌለ ፋይሉ አልተመሳሰለም ማለት ይሆናል።

ሦስተኛው ከጉግል ድራይቭ ጋር ይመጣል። ሌላ ሰው ያጋራዎት ፎልደር «ሼርድ ዊዝ ሚ» ውስጥ ሆኖ በብሮውዘር ይታያል፤ በኮምፒውተርዎ የድራይቭ ፎልደር ውስጥ ግን አይመጣም። ድረ ገጹ ላይ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርገው ሾርትከቱን ወደ «ማይ ድራይቭ» ያስገቡት። ዋንድራይቭም ላይ ለተጋራ ፎልደር «አድ ሾርትከት» የሚል አማራጭ አለ።

በስልኬ ሆትስፖት ስገናኝ ለምን ይቆማል? ዋይፋይ ላይ ደህና ይሠራል።

ዊንዶውስ የስልክ ሆትስፖትን «ሜተርድ»፣ ማለትም በመጠን የሚከፈልበት ኢንተርኔት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ዋንድራይቭ ይህን ሲያይ ፓኬጅዎ እንዳያልቅ ብሎ ራሱን ያቆማል። ላፕቶፑ በባትሪ ቁጠባ ላይ ሲሆንም እንዲሁ ይቆማል፤ መብራት በሌለበት ቀን በባትሪና በሆትስፖት የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያገኛቸዋል።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ከፈለጉ የዋንድራይቭን ምልክት ተጭነው «ሲንክ ኤኒዌይ» ይበሉ። ለዘለቄታው ደግሞ በዊንዶውስ ሴቲንግስ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ገብተው፣ የተገናኙበትን ዋይፋይ ከፍተው «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያጥፉ። ነገር ግን ይህን ካጠፉ ዊንዶውስ አፕዴቱንም በዚያው ፓኬጅ ማውረድ ይጀምራል። በወር ፓኬጅ ለሚሠራ ቢሮ የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል እንላለን።

ምን ያህል ልጠብቅ? ከጠዋት ጀምሮ «በመላክ ላይ» ይላል።

ያስሉት። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። የመላኪያ ፍጥነትዎ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ በአንድ ሰከንድ የሚወጣው ሩብ ሜጋባይት ነው። እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 300 የመስክ ፎቶዎች 1,200 ሜጋባይት ይሆናሉ። ይህ ሳይቋረጥ ቢሄድ 80 ደቂቃ ይፈልጋል። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ከሆነ ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይግረምዎት። ፍጥነት ሲለኩ የማውረጃውን ሳይሆን የመላኪያውን ቁጥር ይዩ፤ በአብዛኛው መስመር ላይ መላኪያው ያንሳል።

ብዙ ጥቃቅን ፋይሎች በመጠን እኩል ከሆነ አንድ ትልቅ ፋይል ይልቅ ይዘገያሉ፣ ለእያንዳንዱ ፋይል ለየብቻ መጠየቅና መፈቀድ ስላለ። ያለፈውን ዓመት 5,000 ስካን የተደረገ ደረሰኝ የሚልኩ ከሆነ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርገው ዚፕ ያድርጉት፤ አንድ ፋይል ሆኖ ይሄዳል።

ቁጥሩ ለረጅም ሰዓት ፈቀቅ ካላለ ግን መጠበቅ አያዋጣም። በሴቲንግሱ ውስጥ የመላኪያ ፍጥነት ገደብ ተደርጎ እንደሆነ ይዩ። ኔትወርክ ሲጨናነቅ አንዱ ባልደረባ ገድቦት ሳያነሣው የሚቀር ነገር ነው።

የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ከሲንክ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከሌላው አገር የበለጠ። ኮምፒውተርዎ ከክላውዱ ጋር ሲገናኝ የክላውዱን ዲጂታል ሰርተፍኬት ያያል። ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተሩ ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ኮምፒውተሩ ከዛሬ 7 ወይም 8 ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል፤ ሰርተፍኬቱ «ገና አልጀመረም» ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል። ፕሮግራሙ የሚለው «ኢንተርኔት የለም» ወይም «መገናኘት አልቻልኩም» ነው። የኢንተርኔት መስመሩ ግን ደህና ነው። ሰዓቱ በሀገራችን አቆጣጠር ተሞልቶ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት 9፡00 መሆን ያለበት 3፡00 ሲደረግም የ6 ሰዓት ልዩነት ይመጣል፤ ያኔ የትኛው ፋይል አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ሲያወዳድሩ ይሳሳታሉ።

ማስተካከያው፦ ሰዓቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው የቀንና ሰዓት ሴቲንግ ይግቡ፤ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» የሚለው ላይ ያድርጉ። አዲስ አበባን አይፈልጉ፣ ዊንዶውስ ውስጥ የእኛ ሰዓት የሚገኘው በናይሮቢ ስም ነው። ከዚያ ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል ያብሩት፣ «ሲንክ ናው» የሚለውንም ይጫኑ።

መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የዴስክቶፑ ማዘርቦርድ (የውስጡ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ አልቋል። ባትሪው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባለ 3 ቮልት ሲሆን፣ በአብዛኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሲአር2032 የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ባትሪው ላይ ተቀርጿል። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ የጎኑን ክዳን ይክፈቱ። ከሰሌዳው ላይ ብር የመሰለውን ክብ ባትሪ ያያሉ። በዳሩ ያለችውን ትንሽ ብረት በጥፍርዎ ወደ ውጭ ሲገፏት ባትሪው ብድግ ይላል። አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ይጫኑት፤ ቀጭ ሲል ገብቷል። ኮምፒውተሩን ከፍተው፣ ቀኑን ሞልተው፣ አጥፍተው ገመዱን ለአምስት ደቂቃ ነቅለው ይሞክሩት፤ ቀኑ ካልተመለሰ ተስተካክሏል።

በአማርኛ ስም የሰጠኋቸው ፋይሎች ብቻ አይመሳሰሉም። አማርኛ አይቀበልም ማለት ነው?

አይደለም። ሦስቱም የግዕዝ ፊደልን ይቀበላሉ። የሚያስቸግረው አጻጻፋችን ነው፤ ይህን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ምልክቶች አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ሰረዝ፣ የላቲኑ ሁለት ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክትና ኮከብ ይገኛሉ። አማርኛ ደግሞ ሲያሳጥር በዚያው ሰረዝ ነው፦ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ መ/ቤት፣ ጽ/ቤት። ቀንም 12/03 ብለን እንጽፋለን። ዊንዶውስ ላይ ይህን ስም ሲሰጡ ወዲያው ይከለክልዎታል። በስልክ ወይም በጉግል ድራይቭ ድረ ገጽ ላይ ግን «የጽ/ቤት ዕቅድ» ብለው ቢሰይሙ ያልፋል። ፎልደሩ ዊንዶውስ ላይ ሲወርድ ሰረዙ በሌላ ምልክት ይተካል፤ ያኔ ባልደረባዎ ሌላ ፎልደር መስሎት አዲስ ይከፍታል። «የጽሕፈት ቤት ዕቅድ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ፣ ለቀንም 12-03-2017 ማድረግ ይበቃል።

በስም መጨረሻ ላይ ነጥብ አይተዉ። «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ብሎ የሚያበቃ ፎልደር ዊንዶውስ ላይ የመጨረሻዋን ነጥብ ያጣል፤ ነጥቧን ጣል አድርገው «ኃ.የተ.የግ.ማ» ይበሉት። ባዶ ቦታም በስም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አይኑር።

ሁለት ነጥብ ሲያስፈልግ የአማርኛ ኪቦርድ የሚሰጠው «፡» ምንም አያደርግም፤ ኮምፒውተሩ የራሱ ፊደል አድርጎ ያየዋል። የላቲኑ ግን ይከለከላል። በዓይን ሲታዩ ግን መንትያ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ። «መሐል ሜዳ» እና «መሀል ሜዳ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው። «ዓመታዊ ዕቅድ» እና «አመታዊ እቅድ»፣ «ሥራ ማስኬጃ» እና «ስራ ማስኬጃ»፣ «ደብረ ብርሃን» እና «ደብረብርሃን» እንደዚያው ናቸው። አንዱ ሠራተኛ በአንዱ ይከፍታል፣ ሌላው በሌላው፤ ከሳምንት በኋላ «አልተመሳሰለም» የሚል አቤቱታ ይመጣል። ሁለቱም ፎልደሮች ግን ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። መፍትሔው አንድ ሰው የፎልደሮቹን ስም አንድ ጊዜ ከፍቶ ለሁሉም እንዲያጋራ ማድረግ፣ ሌላው ሰው አዲስ ፎልደር እንዳይከፍት መስማማት ነው። ፍለጋ ሲያደርጉም በሀ፣ በሐና በኀ ለየብቻ ይፈልጉ።

የስም ርዝመትም አለ። በዊንዶውስ ውስጥ ከዲስኩ ፊደል እስከ ፋይሉ ስም ድረስ ያለው ጠቅላላ መንገድ በተለመደው አሠራር እስከ 260 ቁምፊ ነው። «የ2017 በጀት ዓመት የሞረትና ጅሩ ወረዳ የሦስተኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት» የሚል ፎልደር በሌላ እንዲህ ያለ ፎልደር ውስጥ፣ እሱም በሌላ ውስጥ ከገባ ገደቡ ቶሎ ይሞላል። በደብረ ብርሃኑ ኮምፒውተር የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስሙ አጭር ስለሆነ ያልፋል፤ በሌላው ረጅም ስለሆነ ይያዛል። «2017 ሩብ 3 ሞረትና ጅሩ» በቂ ነው።

ፋይሉ ደርሷል፤ ስከፍተው ግን የማይነበብ የላቲን ፊደል ነው።

ይህ የሲንክ ችግር አይደለም። ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ (ፊደልን በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት የሚያስነብብ አሠራር) ባልሆነ የድሮ የአማርኛ ፎንት ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር በአማርኛ ያሳየዋል፣ የሌለበት ዝብርቅርቅ ያደርገዋል። ያንኑ ፎንት በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። አዲስ ሰነድ ግን በኒያላ ወይም በኢብሪማ ይጻፉ፤ ሁለቱም ዩኒኮድ ናቸው።

ፋይሉ ስሙ ይታያል፤ ገጠር ወርጄ ልከፍተው ስል ግን እምቢ አለ።

ስሙ አጠገብ ሰማያዊ የደመና ምልክት ካለ በኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ራሱ ክላውዱ ላይ ነው፤ ያለ ኔትወርክ አይከፈትም። አረንጓዴ ምልክት ካለ ወርዷል። ወደ ግሼ ወይም ወደ አንኮበር ቀበሌዎች ከመውረድዎ በፊት የሚያስፈልግዎትን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርገው ዋንድራይቭ ላይ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ»፣ ጉግል ድራይቭና ድሮፕቦክስ ላይ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት የሚያደርገውን ምርጫ ይምረጡ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ይጠብቁ፣ ዋይፋዩን አጥፍተውም አንዱን ፋይል ከፍተው ይሞክሩ።

ቦታ ሞልቷል ይላል፤ ግን ብዙ ፋይል የለኝም።

በነፃ የሚሰጠው ጉግል ላይ 15 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ ላይ 5፣ ድሮፕቦክስ ላይ 2 ነው። የጉግሉ 15 ጊጋባይት ለድራይቭ ብቻ አይደለም፤ ጂሜይልና ጉግል ፎቶም ከዚያው ይቆርሳሉ። ስልክዎ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚልክ ከሆነ የሞላው በሱ ነው። ሲሞላ ሲንኩ ብቻ ሳይሆን ኢሜይልም መቀበል ያቆማል፤ ስለዚህ ቸል አይበሉት። የጣሏቸው ፋይሎች ከቆሻሻ ቅርጫቱ እስኪወጡ ቦታ ይይዛሉና ቅርጫቱን ያራግፉ።

የኮምፒውተሩ ሲ ዲስክ ሲሞላም ማውረዱ ይቆማል። ይህ ሌላ ሙላት ነው፤ መልእክቱ «ዲስክ» ይላል ወይስ «ስቶሬጅ» ብለው ይለዩ።

«ኮንፍሊክትድ ኮፒ» የሚል ወይም የኮምፒውተር ስም ያለበት ሁለተኛ ፋይል መጣ። ልሰርዘው?

አይሰርዙት። ሁለት ሰዎች አንዱን ፋይል ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት አሻሽለውታል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲመለስ ሁለቱም ስለሚላኩ ፕሮግራሙ የማንንም ሥራ ላለማጥፋት ሁለቱንም አስቀምጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይክፈቱ። ከሁለተኛው ላይ የጎደለውን ወደ ዋናው ይገልብጡ፣ ባለቤቱን ይጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ትርፉን ያስወግዱ።

እንዳይደገም፣ አብረው የሚሞሉትን ኤክሴል ለየወረዳው ለየብቻ ፋይል ያድርጉት፣ አንድ ሰው ደግሞ ያጠቃልለው። አሊያም ሁለቱም በብሮውዘር በጉግል ሺት ይሥሩ፤ እዚያ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢጽፍ አይጋጭም፤ ኔትወርክ ግን የግድ ነው።

የፒችትሪን ዳታ በሲንክ ፎልደር ውስጥ ባደርገው ሁለቱ ቅርንጫፎች በጋራ ይሠሩበታል?

አያድርጉት። እንዲህ ያለ የሒሳብ ፕሮግራም ሲሠራ ብዙ ፋይሎችን ባንድ ጊዜ ከፍቶ እየጻፈ ነው፤ ፋይሎቹም እርስ በርስ ይመሳከራሉ። ሲንኩ ግን እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው፣ በተገኘው ሰዓት ይወስዳል። የደንበኞቹ ፋይል የ10 ሰዓቱ፣ የሽያጩ ፋይል የ9 ሰዓቱ ሆኖ ሌላ ቅርንጫፍ ይደርሳል፣ ሒሳቡም ይበላሻል። በመካከሉ መብራት ከሄደ ጭራሽ የማይከፈት ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ፦ ዳታውን በኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ያቆዩት። ማታ ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ተጠቃሚ ይዝጋ፤ ከ«ፋይል» ሜኑ «ባክአፕ» ብለው የሚወጣውን አንድ ፋይል ቀኑን በስሙ ጽፈው ሲንክ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ባክአፑ የተዘጋ ፋይል ስለሆነ ሳይጎዳ ይሄዳል።

ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው። ችግር አለው?

አለው። ዋንድራይቭ ለግል አካውንት በዊንዶውስ 7፣ 8 እና 8.1 ላይ መመሳሰል ያቆመው ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የጉግሉ «ባክአፕ ኤንድ ሲንክ» በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አሮጌው ምልክት ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ የሚሠራ ይመስላል። ማሽኑን እስኪቀይሩ በብሮውዘር አፕሎድና ዳውንሎድ እያደረጉ ይሥሩ፤ ብሮውዘሩም አርጅቶ እንዳይዘጋብዎ ይዘጋጁ።

አንዱ ሠራተኛ ፎልደሩን ከራሱ ኮምፒውተር ሰረዘው፤ ከሁላችንም ጠፋ።

የተመሳሰለ ፎልደር ላይ መሰረዝም ይመሳሰላል። ዛሬውኑ በድረ ገጹ ገብተው ቅርጫቱን ይክፈቱና «ሪስቶር» ያድርጉ። በጉግል ድራይቭ፣ በግል ዋንድራይቭና በነፃው ድሮፕቦክስ 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ለዚህ ነው የሲንክ ፎልደር ባክአፕ አይደለም የምንለው። በሳምንት አንዴ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፣ ገመዱንም ነቅለው ያስቀምጡት።

ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ብጭነውስ?

በመጨረሻ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ካልሠራ ብቻ። ከማጥፋትዎ በፊት ያልወጡትን ፋይሎች መለየት ግዴታ ነው፦ ፎልደሩን በተሻሻለበት ቀን ያሰልፉ፣ ከድረ ገጹ ጋር ያስተያዩ፣ ክላውዱ ላይ የሌለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ፋይሎቹ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ ፎልደርን ወደ ሾርትከት የሚቀይር ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ከሆነ የገለበጡት ቢመስልዎትም ላይከፈት ይችላል። ከዚያ «አንሊንክ» ወይም ዲስኮኔክት ብለው አካውንቱን ከኮምፒውተሩ ይለዩ፤ ፕሮግራሙን አጥፍተው፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው፣ ፕሮግራሙን መልሰው ጭነው፣ በዚያው ኢሜይል እንደገና ይግቡ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ፎልደር ብቻ መርጠው ያመሳስሉ። እሱ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ከታየ በኋላ የቀሩትን ይጨምሩ፣ የፍላሹን ፋይሎችም መጨረሻ ላይ ይመልሱ።